5 መስመር ጠብቃ 48 አገኘች፦ የፎርክ፣ የፓይፕና የዌይት ነገር

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዋ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ናት። ለአዲስ አንባቢ፦ ፕሮሰስ እየሄደ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ፎርክ ከአንዱ ፕሮሰስ ሌላ ልጅ ፕሮሰስ የሚያስወልድ ጥሪ፣ ፓይፕ በፕሮሰሶች መሃል ዳታ የሚያልፍበት ቧንቧ፣ ዌይት ደግሞ ወላጁ የልጁን መውጣት የሚጠብቅበት ጥሪ ነው። ጥያቄዋን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ አራት ፋይል አለኝ። የደብረ ብርሃን፣ የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢትና የአንኮበር የገበያ ዋጋ ነው፤ ገብሱም፣ ጤፉም፣ ማሾውም አለበት። በሲ ቋንቋ፣ ሊኑክስ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ከተማ በፎርክ አንድ ልጅ ፕሮሰስ እየፈጠርኩ አማካይ ዋጋ ማስላት ፈለግኩ። መጀመሪያ ርዕስ አትማለሁ። ከዚያ አራቱ ልጆች አንዳንድ መስመር ያትማሉ። 5 መስመር መሆን ነበረበት። ተርሚናል ላይ 16 ወጣ። ውጤቱን ወደ ፋይል ሳዞረው ደግሞ 48 ሆነ! ልጁ ስራውን ሲጨርስ ኤግዚት (ከፕሮግራሙ መውጫ ጥሪ) እንዲል ሳደርግ ተርሚናሉ ተስተካከለ፤ ፋይሉ ላይ ግን አሁንም 9 ነው። ቀጥዬ ልጆቹ ውጤቱን በፓይፕ ለወላጁ እንዲልኩ አደረግኩ። ወላጁ አራቱንም ተቀብሎ ያትምና እዚያው ደርቆ ይቀራል። በፒኤስ (ፕሮሰሶችን በሚዘረዝረው ትዕዛዝ) ሳይ አራቱም ልጆች ዲፈንክት ይላሉ። ኪል -9 (በግድ የሚገድለውን ትዕዛዝ) ብላቸውም አይሞቱም። ፎርክን ትቼ ወደ ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን ወደሚሄድ ስራ) ልሂድ?»

ቁጥሮቹን ቆጥረሽ መላክሽ ግማሹን ስራ አቃሎልኛል። 16፣ 48 እና 9 በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ኮድሽ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ይናገራሉ። የመጨረሻው መድረቅም ከነሱ የተለየ አይደለም። ሁሉም የሚመጣው ከአንድ ነገር ነው፦ ፎርክ የሚገለብጠው ከምታስቢው በላይ ነው።

ብዙ ሰው ፎርክን «አዲስ ፕሮሰስ ጀምርልኝ» እንደሚል ትዕዛዝ ያየዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ፎርክ ምንም ነገር ከሀ አያስጀምርም። እየሄደ ያለውን ፕሮሰስ፣ እዚያው የደረሰበት መስመር ላይ፣ ሁለት ያደርገዋል። ከዚያች መስመር በኋላ ያለው ኮድ በሁለቱም ውስጥ ይቀጥላል። ቫሪያብሎቹ ያው ናቸው። የሉፑ (የድግግሞሹ) ቆጣሪ ያው ነው። የተከፈቱት ፋይሎች ያው ናቸው። ገና ያልታተመው ጽሁፍም ያው ነው። ሁለቱን የምትለያቸው ፎርክ በሚመልሰው ቁጥር ነው፦ ለልጁ 0፣ ለወላጁ የልጁን መለያ ቁጥር። ካልተሳካ -1 ይመልሳል፣ ልጅም አይወለድም።

ይቺን -1 የማይፈትሽ ኮድ ሳይ እናደዳለሁ። አንዳንዱ -1ን እንደ ልጅ ቁጥር ይዞ ይቆይና በኋላ ለኪል፣ ማለትም ለፕሮሰስ ሲግናል (ምልክት) ለሚልከው ጥሪ፣ ይሰጠዋል። ለኪል -1 መስጠት ማለት ደግሞ «ሲግናል የመላክ ፈቃድ ላለኝ ፕሮሰስ ሁሉ ላክልኝ» ማለት ነው። ብሮውዘርሽ፣ ኤዲተርሽ፣ የከፈትሽው ሁሉ ድርግም ይላል። ቀልድ አይደለም።

«ሁሉም የሚገለበጥ ከሆነ ሚሞሪው አያልቅም ወይ?» ብትዪ፣ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ቆጣቢ ነው። የሚሞሪ ገጾቹን ለጊዜው ሁለቱ እንዲጋሩ ያደርግና አንዳቸው ሊጽፉበት ሲሉ ብቻ ያቺን ገጽ ይገለብጣል። ለአንቺ ኮድ ግን ሁሉም የተገለበጠ ያህል ነው።

እንግዲህ 16ን እንያት። ሉፕሽ አራት ጊዜ ይዞራል፤ በየዙሩ ፎርክ አለ። ልጁ ከተማውን አስልቶ ሲጨርስ ኤግዚት ስላላልሽው ከኢፉ (ለልጁ ብቻ ከተጻፈው የኮድ ክፍል) ይወጣና ሉፑን ይቀጥላል። ቆጣሪው አብሮት ተገልብጧልና የሚቀረውን ዙር እሱም ይዞራል። እሱም ፎርክ ይላል። በአንደኛው ዙር አንድ ልጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሶስተኛው አራት፣ በአራተኛው ስምንት ይወለዳል። ተርሚናልሽን መልሰሽ እዪው፤ ቅደም ተከተሉ ቢደባለቅም ደብረ ብርሃን 1 ጊዜ፣ ደብረ ሲና 2፣ ሸዋ ሮቢት 4፣ አንኮበር 8 ጊዜ ነው ያለው። 15 መስመር፤ ከርዕሱ ጋር 16። አራት ልጅ የጠበቅሽበት ፕሮግራም 15 ወልዷል። ሉፑ 10 ዙር ቢሆን 1023 ይሆኑ ነበር። ስለ 20 ዙር አልነግርሽም፤ ላፕቶፕሽን የምትወጂው ከሆነ አትሞክሪው።

48 ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ያው ኮድ፣ ያው ኮምፒውተር ነው፤ ታዲያ ወደ ፋይል ስላዞርሽው ብቻ 16 የነበረው እንዴት 48 ይሆናል?

በሲ የምታትሚበት ፕሪንትኤፍ ቀጥታ አያትምም። ጽሁፉን በፕሮሰሱ ሚሞሪ ውስጥ፣ ባፈር በሚባል ማቆያ ላይ ያጠራቅማል። ውጤቱ የሚሄደው ወደ ተርሚናል ከሆነ የመስመር ማብቂያ ባየ ቁጥር ባፈሩን ያራግፋል። ወደ ፋይል ወይም ወደ ፓይፕ ከሆነ ግን ባፈሩ እስኪሞላ፣ ወይም ፕሮሰሱ እስኪወጣ ይዞ ይቆያል። የአንቺ ርዕስ አንድ መስመር ናት፤ ባፈሩን የት ትሞላዋለች? ስለዚህ የመጀመሪያው ፎርክ ሲጠራ ርዕሱ ገና ፋይሉ ጋ አልደረሰም። ባፈር ውስጥ ነው ያለው። ባፈር ደግሞ ሚሞሪ ነው፤ ሚሞሪ ይገለበጣል። በመጨረሻ 16 ፕሮሰሶች አሉ፤ 16ቱም የርዕሱ ቅጂ አላቸው፤ ሲወጡ እያንዳንዳቸው ያራግፉታል። 16 ርዕስ። ልጆቹ ያተሙት የከተማ መስመርም እንዲሁ ባፈር ውስጥ እንዳለ በቀጣዩ ፎርክ ይባዛል። ቅርንጫፉን ወረቀት ላይ እየነደፍሽ ብትቆጥሪው እያንዳንዱ ከተማ 8 ጊዜ ይወጣል። 4 በ8፣ 32። ሲደመር 16፣ 48።

ኤግዚት ካስገባሽ በኋላ ልጆቹ አራት ብቻ ሆኑ። ነገር ግን አራቱም ሲወለዱ ያልተራገፈውን ርዕስ ይዘው ነው፤ ወላጁም የራሱ አለው። 5 ርዕስና 4 ከተማ፣ 9።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ከፎርክ በፊት ባፈሩን የሚያራግፈውን ኤፍፍለሽ ጥሪ፤ ባፈሩ ባዶ ሆኖ ይገለበጥ። ሌላም መንገድ አለ፦ ልጁ በተለመደው ኤግዚት ሳይሆን ከፊቱ አንደርስኮር ባለው ኤግዚት ይውጣ። እሱ ባፈር ሳያራግፍ ቀጥታ ወደ ከርነል ይሄዳል። ልብ በዪ፣ ልጁ ራሱ በፕሪንትኤፍ ያተመው ነገር ካለ እሱም አብሮ ይቀራል። እኔ ኤፍፍለሹን ሁልጊዜ አስቀምጠዋለሁ። ባለ አንደርስኮሩን የምጨምረው ልጁ በፕሪንትኤፍ ምንም በማያትምበት ጊዜ ነው። የፓይፑ ኮድሽ እንደዚያ ስለሆነ ሁለቱንም አድርጊ።

አሁን ወደ ዋናው። አራቱም ውጤት ደርሶታል፣ አትሞታል። ወላጁ ታዲያ ምን ይጠብቃል?

ፓይፕ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ማንበቢያ፣ አንዱ መጻፊያ። ወላጁ ሪድን (የማንበቢያውን ጥሪ) በሉፕ እየጠራ «0 ሲመልስልኝ አበቃ» ብሎ ያስባል። ትክክል ነው። ሪድ 0 የሚመልሰው ግን ዳታው ስላለቀ ብቻ አይደለም። ፓይፑ ባዶ ሆኖ፣ መጻፊያውን ጫፍ የያዘ አንድም ፕሮሰስ ሲጠፋ ነው። አንድ እንኳ ከቀረ «ሊጽፍ ይችላል» ብሎ ይጠብቃል። ልጆቹ ጨርሰው ወጥተዋል፤ ሲወጡ ከርነሉ ጫፎቻቸውን ዘግቷል። ማን ቀረ? ራሱ ወላጁ! ፓይፑን የፈጠረው እሱ ነውና ሁለቱንም ጫፍ ይዟል። መጻፊያውን ስላልዘጋው ከራሱ የሚመጣ ጽሁፍ እየጠበቀ ነው። እስከ ዳግም ምጽአት ይጠብቃል።

በአይንሽ ማየት ከፈለግሽ ፕሮግራሙ እንደደረቀ ሌላ ተርሚናል ክፈቺ። ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ የወላጁን ቁጥር፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ኤፍዲ የሚለውን ፎልደር በኤልኤስ ማይነስ ኤል ዘርዝሪው። ከ0 እስከ 2 ያሉት የተለመዱት ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ ፓይፕ የሚል፣ በቅንፍ ውስጥ አንድ አይነት ቁጥር ያለበት ሁለት መስመር ታያለሽ። የፈቃዱን አምድ ተመልከቺ፤ አንደኛው ለማንበብ፣ ሌላኛው ለመጻፍ የተከፈተ ነው። አንድ ፕሮሰስ፣ የአንድ ፓይፕ ሁለቱም ጫፍ። ምርመራው አለቀ።

ስለዚህ ወላጁ ከማንበቡ በፊት መጻፊያውን ይዝጋ። የሚዘጋበት ቦታ ወሳኝ ነው፦ ከሉፑ በኋላ እንጂ ውስጥ አይደለም። ከመጀመሪያው ፎርክ በኋላ እዚያው ሉፑ ውስጥ ከዘጋሽው የቀሩት ሶስት ልጆች የተዘጋ ጫፍ ነው የሚወርሱት። የደብረ ብርሃን ዋጋ ብቻ ይደርስሽና የደብረ ሲናው ለምን ጠፋ እያልሽ ታድሪያለሽ። ልጆቹም በበኩላቸው ማንበቢያውን ጫፍ ገና ሲወለዱ ይዝጉ። ይሄኛው ለወግ ብቻ አይምሰልሽ። ወላጁ በመሃል ቢሞት፣ አንባቢ በሌለው ፓይፕ ላይ የሚጽፍ ልጅ ሲግፓይፕ የሚባል ሲግናል ደርሶት ይቆማል። ማንበቢያውን ራሱ ልጁ ከያዘው ግን «አንባቢ አለ» ተብሎ ይቆጠራል። ፓይፑ እስኪሞላ ይጽፍና እሱም ይደርቃል።

አራት ጸሐፊ በአንድ ፓይፕ መጠቀሙ በራሱ ችግር የለውም። ሊኑክስ ላይ እስከ 4096 ባይት በአንድ ራይት (የመጻፊያ ጥሪ) የተላከ ጽሁፍ ከሌላው ጋር አይደባለቅም። የከተማውን ስምና ዋጋውን በአንድ ራይት ላኪ፤ ስሙን ለብቻ ዋጋውን ለብቻ ከላክሽ የሸዋ ሮቢት ስም ከአንኮበር ዋጋ ጋር ሊጋባ ይችላል። በማንበቡ በኩል ደግሞ ፓይፕ የመልእክት ድንበር አያውቅም። አንድ ሪድ የሁለት ከተማ ውጤት አያይዞ ሊሰጥሽ ይችላል። ወይ እኩል መጠን ያለው ስትራክት (ስሙንና ዋጋውን በአንድ የያዘ የዳታ ጥቅል) ተጠቀሚ፣ ወይ በመስመር ማብቂያ ለይው። ቅደም ተከተሉም በየጊዜው ይለያያል፤ በተወሰነ ተርታ ማተም ከፈለግሽ ወላጁ ተቀብሎ ይደርድር።

ኮድሽ ውስጥ አንድ ያልጠየቅሽው ነገር አለ፣ እሱንም ልንካው። ዌይት ከሪዱ በኋላ ነው ያለው። ጎበዝ፣ እንደዛው ተይው። ብዙ ተማሪ «መጀመሪያ ልጆቹ ይጨርሱ፣ ከዚያ አነባለሁ» ብሎ ያገላብጠዋል። ትንሽ ዳታ ሲሆን ይሰራል፤ ክፋቱም እሱ ነው፣ ሲሞክሩት ይሰራል። ሊኑክስ ላይ ፓይፕ በተለምዶ 65536 ባይት ነው የሚይዘው። ልጁ ከዚያ በላይ ሊጽፍ ሲል ፓይፑ ይሞላና የሚያነብለት ይጠብቃል። ወላጁ ደግሞ ዌይት ላይ ቆሞ የልጁን መውጣት ይጠብቃል። አማካዩን ብቻ ስትልኪ ምንም አይደርስብሽም። ነገ የዓመቱን ዋጋ በሙሉ ልላክ ስትዪ ግን ተቆላልፈው ይቀራሉ።

ወደ ዲፈንክቶቹ እንምጣ። ዞምቢ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ኪል -9 ያልገደላቸው ቀድመው ስለሞቱ ነው። ሞቷል፣ ተቀብሯል፤ ስሙ ግን ከእድሩ መዝገብ አልተሰረዘም፤ የልጁ ነገር እንደዚያ ነው። ሚሞሪው ተለቋል፣ ፋይሎቹ ተዘግተዋል። የቀረው በከርነሉ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ነው። መለያ ቁጥሩና እንዴት እንደወጣ የሚናገር መረጃ አለበት። ከርነሉ ይሄን የሚያቆየው ወላጁ በዌይት መጥቶ «ልጄ እንዴት ወጣ?» ብሎ እስኪጠይቅ ነው። የአንቺ ወላጅ ሪድ ላይ ስለደረቀ ዌይት ጋ አልደረሰም። መጻፊያውን ጫፍ ስትዘጊ ሪዱ 0 ይመልሳል፣ ወደ ዌይት ያልፋል፣ ዞምቢዎቹም ይጠፋሉ። ለብቻቸው መፍትሄ አያስፈልጋቸውም። ዌይትን አንዴ ብቻ እንዳትጠሪ እንጂ፤ አንድ ዌይት አንድ ልጅ ነው የሚያነሳው። አራት ጊዜ ጥሪ፣ ወይም «ልጅ የለህም» ብሎ -1 እስኪመልስ።

ፕሮግራምሽ አጭር ስለሆነ ዞምቢ ቢቀርም ብዙ አይጎዳም። ወላጁ ሲሞት ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቁጥር 1 ፕሮሰስ ይዛወራሉ፤ እሱ ዌይት ብሎ ያጸዳቸዋል። ችግሩ ለወራት ሳይጠፋ የሚሰራ ሰርቨር ላይ ነው። እዚያ ረድፎቹ እየተጠራቀሙ መለያ ቁጥር ሊያልቅ ይችላል፤ ያኔ ፎርክ -1 መመለስ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የጻፍሽ ቀን ሲግቻይልድ የሚባለውን ሲግናል ተጠቀሚ፤ ልጅ ሲወጣ ለወላጁ የሚደርሰው እሱ ነው። ሁለት ልጆች ተከታትለው ቢወጡ ሲግናሉ አንድ ጊዜ ብቻ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሃንድለሩ (ሲግናሉ ሲደርስ የሚጠራው ኮድ) ውስጥ ዌይትፒአይዲን፣ የዌይትን ወንድም፣ በማይጠብቅበት አማራጩ፣ ኖሃንግ ብለሽ፣ የወጣ ልጅ እስኪያልቅ ደጋግመሽ ጥሪው።

ዌይት የሚሰጥሽን ቁጥርም እንዳለ እያተምሽው ነው። አታድርጊ። አንድ ልጅ ፋይሉን አጥቶ በ1 ቢወጣ 256 ታያለሽ፤ በ3 ቢወጣ 768። የመውጫ ቁጥሩ በላይኛው ባይት ላይ ስለሚቀመጥ በ256 ተባዝቶ ይታያል። የታችኛው ባይት በሲግናል ከሞተ የትኛው እንደገደለው ይይዛል። በእጅሽ አታካፍዪው፤ መጀመሪያ በራሱ መውጣቱን፣ ቀጥሎ የመውጫ ቁጥሩን የሚሰጡ ማክሮዎች በስርዓቱ ሄደር ውስጥ አሉ። የመውጫ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ብቻ መሆኑንም አትርሺ። «ስንት መስመር አነበብኩ» የሚለውን በኤግዚት ልመልስ ያለ ተማሪ 256 መስመር ሲያነብ 0 ይደርሰዋል። ዳታ በፓይፕ፣ «ተሳካ ወይስ አልተሳካ» በኤግዚት።

እንዲህ ሁሉን የሚገለብጥ ነገር ማን አመጣው ትዪ ይሆናል። ሀሳቡን እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሜልቪን ኮንዌይ ነው። ኬን ቶምፕሰን ፒዲፒ-7 በሚባል ኮምፒውተር ላይ ለዩኒክስ (ሊኑክስ አሰራሩን ለተከተለው ሲስተም) ሲያስገባው 27 መስመር አሰምብሊ ብቻ እንደፈጀ ዩኒክስን አብሮት የሰራው ዴኒስ ሪቺ ጽፏል። የነበረውን ገልብጦ መቀጠል ከባዶ ከመገንባት ስለቀለለ ነው። ዊንዶውስ በዚህ መንገድ አልሄደም፤ እዚያ አዲስ ፕሮሰስ ሲፈጠር የሚሄደው ፕሮግራም አብሮ ይነገራል። ዩኒክስ ላይ ያንን የሚሰራው ኤክሴክ ነው፤ በፎርክና በኤክሴክ መሃል ያለችው ክፍተት ደግሞ ልጁ ፋይሉንም ፓይፑንም እንደፈለገ የሚያስተካክልባት ናት። ሼልሽ ሁለት ትዕዛዝ በፓይፕ ሲያገናኝ እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው የሚሰራው። እኔ በግሌ ይሄ አሰራር ይሻለኛል፤ የማይስማሙ ብዙ ናቸው።

የቀረው የትሬድ ጥያቄሽ ነው። ለአራት ፋይልና ለአራት አማካይ ፎርክ ይበቃል። ትሬድ ላይ ምንም አይገለበጥም፤ ሁሉም የጋራ ነው። ፓይፕ አያስፈልግሽም፣ ርዕሱም አይባዛም። በምትኩ ሁለት ትሬድ አንድ ቫሪያብል ላይ ሲጽፉ ሎክ ማድረግ (አንዱ ሲጽፍ ሌላው እንዲጠብቅ መቆለፍ) ይመጣል፤ አንዱ ትሬድ ሚሞሪ ሲያበላሽ ደግሞ አራቱም አብረው ይወድቃሉ። ሁለቱን ብቻ በአንድ ፕሮግራም አትቀላቅዪ። ትሬዶች እየሄዱ ፎርክ ካልሽ ልጁ ውስጥ የሚተርፈው ፎርክን የጠራው ትሬድ ብቻ ነው። ሌላ ትሬድ በዚያች ቅጽበት ሎክ ይዞ ከነበረ ሎኩ እንደተቆለፈ ይገለበጣል፤ ከፋቹ ግን ልጁ ውስጥ የለም። የግድ ሁለቱም ካስፈለጉሽ ትሬድ ሳትጀምሪ በፊት ፎርኩን ጨርሺ፤ ከዚያ በኋላ ፎርክ ካልሽ ልጁ ወዲያው ኤክሴክ ይበል።